በአገልግል የተላከው የሞተር ግማሽ

አለበል ዕድሜውን ሙሉ የሚኮራባቸው ነገሮች ሁለት ነበሩ፤ አያቱና ዶቅዶቄው። አያቱ ማንኩሳ አካባቢ ሰፊ መሬት የነበራቸው ቀኛዝማች ነበሩ ይላል። እሳቸውን ያየ ሰው በሕይወት ስለሌለ ማንም አልተከራከረውም። ዶቅዶቄዋን ግን ሁላችንም አይተናታል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእሱና የእኔ ቤት በአንድ አጥር የተያያዘ ስለነበር እኔ ከሌላው ሰው አብልጬ አይቻታለሁ፤ ስትጮህም ሰምቻታለሁ።

ዶቅዶቄዋ ጣሊያን ሠራሽ ናት። በንጉሡ ጊዜ የመጣች፣ የነዳጅ መያዣዋ ቀይ፣ መብራቷ ክብ፣ መቀመጫዋ እንደ ኮርቻ ከቆዳ የተሠራ። ደርግ ከወደቀ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ንብረቱን በጨረታ ሲያወጣ ነው የወሰዳት። የተገዛችው የሚስቱ የእታለም ሁለት በሬዎች ተሸጠው ነው። ሲያወራ ስለ ጨረታው ያወራል፣ በሬዎቹን አያነሣም። ጠዋት ሚስቱን እንዴት አደርሽ ሳይላት በፊት ዶቅዶቄዋን በጨርቅ ይወለውላታል። ሲያቆማት ነጭ ጋቢ ያለብሳታል፤ ሰው ዓይኑን እንዳይጥልባት። መሪዋ ላይ ከአንድ ደብተራ ያጻፈው ክታብ በቀይ ክር ታስሮ ይወዛወዛል። በልጆቹ እግር ላይ ግን ጫማ አልነበረም።

በደርግ ጊዜ አለበል ለግብርና መሥሪያ ቤት የከብት ክትባት መድኃኒት ይዞ በየገጠሩ ይዞር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ ከሥራ ተቀነሰ። ከዚያ ወዲህ ቤቱን ያቆመችው እታለም ናት። በርበሬ ከገበሬ ትገዛለች፣ ታሰጣለች፣ እንጭጩን ትለያለች፣ ለነጋዴ ትሸጣለች። እጇ ዓመቱን ሙሉ ያቃጥላታል፤ ዓይኗን ቢበላት እንኳ በክርኗ ነው የምታሸው። አለበል ደግሞ በርበሬው ያስነጥሰኛል እያለ ደጃፍ ወጥቶ ዶቅዶቄዋ ላይ ይቀመጥና መንገደኛውን ሁሉ ሰላም ይላል።

በ1988 ዓ.ም. ግብርናው እንደገና የክትባት ሰው ፈለገ። የራሱ ሞተር ሳይክል ያለው ሰው በኮንትራት ይቀጠራል፣ ግንቦት ላይ ሞተር ሳይክሉን አይተን እንወስናለን ተባለ። አለበል በሚቀጥለው ቀን ከተማውን ዞሮ እንደተቀጠረ አወራ። እውነቱን ለመናገር ከሥራው በቀር ሌላ ተስፋ አልነበረውም፤ ዕድሜውም እየገፋ ነበር። ይህ ካመለጠው ሌላ እንደማይመጣ እሱም ሚስቱም ያውቃሉ። እታለምማ ለሥራው ከእሱ ይበልጥ ትጓጓ ነበር።

“ምንም ባያመጣ እንኳ ከደጃፌ ይነሣልኛል” ትለኝ ነበር፣ አጠገቧ ተቀምጬ በርበሬ ሳግዛት።

በየካቲት አንድ ቅዳሜ ከማንኩሳ ሲመለስ ከኋላው አንድ ጆንያ በርበሬ ጭኖ ነበር። መንገዱ ላይ ድንጋያማ መሻገሪያ አለ። በበቅሎ የመጣ ወርዶ፣ በጋሪ የመጣ ገፍቶ ነው የሚያልፈው። ያን ቀን ገበያተኛው ዳር ዳሩን ቆሞ ነበር።

“ወርደው ይግፏት፣ አያ አለበል” አሉት።

“መግፋት ጋሪ ላለው ነው” አላቸው።

መሻገሪያው መሀል ላይ የዶቅዶቄዋ ሆድ ከድንጋይ ጋር ተላተመ። እሱ በአንድ በኩል፣ ጆንያው በሌላ በኩል ወደቀ። ወድቆ እንኳ መጀመሪያ ያየው ማን እንደሳቀ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ከሥር የሚንጠባጠበውን ዘይት ያየው።

የሞተሩ ቤት ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ እንደ ባቄላ ክክ ሁለት ግማሽ አለው። ሁለቱ በብሎን ሲገጠሙ በመካከላቸው ጥርስ ያላቸው ብረቶች በዘይት ውስጥ ይዞራሉ። የግራው ግማሽ ሆዱ ላይ ስንዝር የማይሞላ ስንጥቅ ወጥቶበት ነበር።

አለበል መጀመሪያ በልብስ ሳሙና ደፈነው። የመኪና ሾፌሮች ነዳጅ ሲያፈስባቸው እንደዚያ ሲያደርጉ አይቷል። ነዳጅ ግን ቀዝቃዛ ነው፤ የሞተር ዘይት ይግላል። ሳሙናው ቀልጦ ወረደና ሱሪውን አረፋ አለበሰው። ከዚያ በኋላ አለበል የት እንደዋለ በዘይቱ ነጠብጣብ ይታወቅ ነበር። ግብርና ደርሼ መጣሁ ያለ ቀን ነጠብጣቡን ብንከተለው የሚቆመው ጠላ ቤት ደጃፍ ነበር።

የከተማችን መካኒኮች ስንጥቁን አይተው አንነካውም አሉ። “በኤሌክትሪክ ብየዳ ከነካነው እንደ ቅቤ ይወርዳል። ቡሬ ታከለ ጋ ይውሰዱት፣ እሱ በጋዝ ይሠራዋል።”

ታከለ ቡሬ ውስጥ በነቀምት መውጫ በኩል የሚሠራ በያጅ ነው። አባቱ ማረሻና ማጭድ የሚሠሩ ቀጥቃጭ ነበሩ። በአገራችን ገበሬው ማረሻ የሠራለትን ሰው ቡዳ ነው ብሎ ይሸሻል፤ ማረሻውን ግን አይሸሽም። በዚያ ማረሻ ያረሰውን ጤፍ ይበላል፤ የቀጥቃጩን እንጀራ አይቀምስም። ይህን ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ አይቼዋለሁ፣ አንድም ቀን ትርጉም ሰጥቶኝ አያውቅም። ታከለ ደግሞ ትሑት ሰው ነው ብዬ አልዋሽም። ምላሱ ያቆስላል፣ ደንበኛ ማስጠበቅ ይወዳል፣ ሥራውን ማመስገን ሲጀምር ለሌላው ሰው የሚተርፍ ምስጋና አያስቀርም።

መካኒኮቹ አንነካውም ባሉ ዕለት አለበል የበርበሬያችንን ሽታ ታግሦ አጠገባችን መጥቶ ተቀመጠ። ጭንቅ ይዞት ነበር።

“ቀጥቃጭ ዓይኑን ከጣለባት አበቃላት” አለ።

“እንግዲያ በምን ይበይዳት? ዓይኑን ጨፍኖ?” አለችው እታለም።

“የተሰነጠቀውን ግማሽ ብቻ ነው የሚያየው። የቀረውን አያይም። የማን እንደሆነ አይወቅ፣ የምን እንደሆነም አይወቅ።”

“ይህን የሚሸከምልዎትስ ማን ነው?”

“አንቺ ነሻ። ገበያ ትሄጂ የለም?”

ሞተሩን ሲፈታ ዋለ። ብሎኖቹን በቆርቆሮ፣ ጥርሶቹን በጆንያ ላይ ደረደራቸው፤ አያያዙ ንጹሕ ነበር፣ ይህን አልክድም። የተሰነጠቀውን ግማሽ በነጠላ ጠቅልሎ ስንቅ መያዣው አገልግል ውስጥ አስቀመጠው። ከዚያ ክታቡን ከመሪው ላይ ፈታና የሞተሩ ዘንግ በሚያልፍበት ክብ ቀዳዳ ውስጥ ወተፈው። አገልግሉን ከድኖ በጠፍሩ አሰረው።

“ምን አለበት ብለው ቢጠይቁሽ ምሳ ነው በዪ።”

እኔም ቡሬ ጉዳይ ስለነበረኝ አብሬያት ሄድኩ። አውቶቡሱ ውስጥ አንዲት ሴት አገልግሉን ለመያዝ ብትቀበላት ከብዷት ልትወድቅ ነበር። “ምን ዓይነት ምሳ ነው እቴ፣ ድንጋይ ነው የምትበሉት?” አለችን። እታለም አንገቷን ደፋች።

ታከለ የቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። ቤቱ ከኋላ ነው፤ ከፊት ያለው መሥሪያው ወደ መንገዱ ገላጣ ነው። አገልግሉን ሲያይ ተነሣ።

“ምሳ አመጣችሁልኝ? የዘንድሮ ሰው ደግ ሆኗል።”

እታለም ከፈተችው። ነጠላውን ገለጠ፣ ክታቡን በሁለት ጣቱ አወጣና ወደ ብርሃኑ አድርጎ አየው።

“የዚህኛው መለዋወጫ የለኝም” ብሎ መለሰላት። ከዚያ ግማሹን አገላብጦ አየ። “ጓደኛውሳ?”

“የምን ጓደኛ?”

“እትዬ፣ ይህ ግማሽ ነው። ብቻውን እሳት ካየ ይጣመማል። ከጓደኛው ጋር በብሎን አስሬ ነው የምበይደው።”

“ይህን ብቻ ነው የሰጡኝ።”

“ማነው የሰጠዎት?”

እታለም ነጠላውን አጣጠፈች።

“እንዳይናገሩ ተብለዋል። እኔው ልንገርዎት። ቀይ ናት፣ ከዚህ እስከ ደምበጫ አምሳያ የላትም፣ ጋቢ ትለብሳለች። ለአያ አለበል ይንገሩልኝ፤ እኔ ብረት አልበላም፣ ጥርሴን ያመኛል። ጓደኛውን ይላኩ።”

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሥራው ግን ሳይሠራ ተመለስን። አለበል የተባለውን ሲሰማ ፊቱ ጠቆረ።

“ቀጥቃጭ ያስተምረኝ ጀመር? ሁለቱንም ሊያይ ፈልጎ ነው። በይድ ተብለሃል በዪው፤ በቃ።”

በሚቀጥለው የገበያ ቀን አገልግሉ እንደገና ቡሬ ሄደ፤ እኔም ከእታለም ጋር ነበርኩ። ታከለ መልእክቱን ሰማና ወደ እኔ ዞረ።

“እትዬ፣ እርስዎ ይስሙ። ይጣመማል ብያለሁ። እሳቸው በይድ ብለዋል። እበይዳለሁ።”

በየደው። ስንጥቁ ተገጥሞ ጠፋ፤ ላዩ ላይ የዓሣ ቅርፊት የሚመስል መስመር ብቻ ቀረ። እታለም ደስ ብሏት አገልግሉን እንደ ሕፃን ታቅፋ ገባች። አለበል ግን ሁለቱን ግማሽ ሲያጋጥም አልተጋጠሙም። አንዱ ጫፍ ሲነካ በሌላው ጫፍ ጥፍር የሚያስገባ ክፍተት ይታያል። በጉልበት ሊዘጋው መፍቻው ላይ ቧንቧ ሰክቶ ብሎኑን አጠበቀ። ዘንጉ ተቀርቅሮ አልዞር አለ። ላቡን ጠረገ፣ ተነሣ፣ ከግማሹም ራቅ ብሎ ቆመ።

“በላት” አለ።

“የነገረዎትን ረሱት?” አለች እታለም። “ይጣመማል አላለም?”

“አስቀድሞ ያወቀው በምን ነው? ሊበላት ስላሰበ ነው እንጂ።”

 ሰው የነገረህ ነገር ሲደርስ፣ የነገረህ ሰው ነው ያደረሰው ካልክ፣ ከአንተ ጋር የሚነጋገረው ግድግዳ ብቻ ነው።

በሰንበቴ ላይ፣ ካህናቱ ባሉበት፣ የቡሬ ቀጥቃጭ ሞተሬን በላብኝ ብሎ ተናገረ። አንዳንዱ ሳቀ፤ ብዙው ግን አማተበ። ወሬው ከበርበሬ ነጋዴዎች ጋር ቡሬ ደረሰ። በሚቀጥለው ገበያ በታከለ ደጃፍ ሳልፍ፣ አንዲት እናት የልጇን ፊት በነጠላዋ ሸፍና በዚያኛው የመንገድ ጠርዝ ስታልፍ አየሁ። በእጇ ያንጠለጠለችው ማረሻ የታከለ አባት ሥራ ሳትሆን አትቀርም።

ፋሲካ እንዳለፈ አለበል ወደ ፈረስ ቤት ከተማ በኩል ፀበል አለ፣ ቡዳ ያደረበትን ያስለቅቃል ተብሎ ተነግሮት በእግሩ ሄደ። ለዶቅዶቄዋ ፀበል በጀሪካን ሊያመጣላት ነው። መድረሻውና መመለሻው ከነሱባኤው አንድ ሳምንት ይሆናል። ግንቦት ገብቷል፤ የግብርናው ሰው ሊመጣ ተቃርቧል።

እሱ መንገዱን እንደያዘ እታለም ሁለቱንም ግማሽ ከነብሎኖቹ ጆንያ ውስጥ ከተተች።

“አትመጪም?” አለችኝ።

ተነሣሁ።

ታከለ ጆንያውን አየ፣ እኛን አየ፣ የያዘውን ሥራ ቀጠለ።

“የበላሁትን ልታስተፉኝ መጣችሁ?”

“የተናገረው እሱ ነው” አለች እታለም። “የመጣሁት እኔ ነኝ። ይህ ሥራ ካመለጠው ሌላ አያገኝም። አንተ ካልሠራኸው ደግሞ ማንም አይሠራውም። እንቢ ካልክም ደግ፣ አልቀየምህም።”

ታከለ ለሌሎች ሰዎች የበር ማጠፊያና የአልጋ እግር ሲበይድ እኛን ፀሐይ ላይ አቆየን። እያወቀ ነው ያደረገው። እታለም ግን ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀች። በመጨረሻ እጁን ዘረጋ።

መጀመሪያ የተጣመመውን ግማሽ በከሰል ላይ አሞቀው። አንድ የልብስ ሳሙና አንሥቶ ላዩ ላይ መስመር አሰመረበት።

“ሳሙናማ እኛም ሞክረን ነበር” አልኩት።

“እናንተ ደፈናችሁበት፣ እኔ እጠይቀዋለሁ። አሉሚኒየም ሲግል አይቀላም፣ ሳይናገር ነው የሚቀልጠው። ሳሙናው ሲጠቁር በቃህ ይለኛል።”

ሳሙናው መጀመሪያ እንደ ዳቦ ቅርፊት ሆነ፣ ከዚያ ጠቆረ። ያን ጊዜ ግማሹን ወፍራም፣ ለጥ ያለ ብረት ላይ አስተኝቶ ብሎኖቹን በየተራ፣ ከዚህ ጥቂት ከዚያ ጥቂት እያለ አጠበቃቸው። ሲቀዘቅዝ ፈትቶ የመስኮት መስታወት ላይ ደፋው። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት አልነበረም። ሁለቱን ግማሽ አጋጠመ፣ በብሎን አሰራቸው። የድሮውን ብየዳ ጫፍ እንደገና አሙቆ በቀጭን የብየዳ ሽቦ ደገመለት፤ ከዚያም እንዳለ አመድ ውስጥ ቀበረው፤ ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ ብሎ።

አመዱ እስኪበርድ ስንጠብቅ ሚስቱ ንግሥቴ ምሳ ይዛ ወጣች። ጎመን በሥጋ ነበር፣ ከላዩ አይብ ያለበት። ትሪውን ባሏ ፊት አስቀመጠችና እኛን አየችን፤ ብሉ አላለችም።

“እነሱን ተያቸው” አላት ታከለ። “ይራባሉ እንጂ አይበሉም። ለምደነዋል።”

እታለም ተነሣች። ከጀሪካኑ ውኃ ቀዳች፣ እጇን ታጠበች፣ አግዳሚው ላይ ፊቷን ወደ መንገዱ አድርጋ ተቀመጠች። የገበያው ሰው እየተመለሰ ነበር። የፍኖተ ሰላም ሰዎችም ነበሩበት። ጎረሰች። እኔም ታጠብኩ። አላፊዎቹ ዘወር እያሉ ያዩን ነበር፤ አንዱ እንዲያውም ቆሞ አየን። ጎመኑ ጨው በዝቶበት ነበር፤ እታለም ይህንኑ ለንግሥቴ ነገረቻት፣ ንግሥቴም “ከእጄ ተደፍቶ ነው፣ ይቅር በይኝ” ብላ ሳቀች።

አለበል ጀሪካኑን ተሸክሞ ሲመለስ ሁለቱ ግማሾች የተዋቸው ቦታ ነበሩ። ፀበሉን ረጫቸው፣ ጸለየ፣ አጋጠማቸው፤ ገጠሙ። ጥርሶቹን፣ ዘንጉን፣ ኩሽኔታውን መልሶ ዘይት ሞላ። በሦስተኛው እርግጫ ሞተሩ ተነሣ። አንዲት ጠብታ አልወረደችም። አለበል ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ጎረቤቱን ጠራ፤ ፀበሉ ቡዳውን አስለቀቀልኝ ብሎ እልል አስባለ።

ሰው ሲበተን እታለም ጠጋ አለችው።

“ታከለ ነው የሠራልዎት። ሁለቱንም ወስጄለት ነው። ቤቱም ምሳ በልቻለሁ።”

አለበል አንድ ነገር ብቻ ጠየቃት።

“ማን አየሽ?”

በማግሥቱ የግብርናው ሰው መጣ። ክንፈሚካኤል ይባላል፣ ወሎዬ ነው፤ ቀጭን፣ ነገር የማያበዛ ሰው። ሞተሩን አስነሣ፣ ነድቶ ተመለሰ፣ አጎንብሶ ከሥር የብየዳውን መስመር በጣቱ ዳሰሰ። ጎረቤቱ ሁሉ ከብቦ ያያል።

“ጥሩ ተሠርታለች። ማን ሠራት?”

“በፀበል ነው የዳነች” አለ አለበል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ክንፈሚካኤል ቀና አለ። “ፀበሉን አከብራለሁ፣ አባቴ። ግን ሞተሯ አሮጌ ናት፤ መድኃኒቱ በረሃ ላይ ከተበላሸ የምጠየቀው እኔ ነኝ። የሠራት ሰው ዋስ መሆን አለበት። ፀበሉ ዋስ ይሆናል?”

ሰው ሳቀ። አለበል አልሳቀም።

“የሠራት ቡሬ ያለው ታከለ ነው” አለች እታለም ከበሩ ላይ። “ዋስ ሁን ካልኩት ይሆናል። ዛሬ ሄጄ አመጣዋለሁ።”

“እሱ ከመጣ ጨርሰናል” አለ ክንፈሚካኤል። “ሰኞ ሥራ ይጀምራሉ።”

ሁላችንም አለበልን አየነው። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ እሺ ቢል ኖሮ በቂ ነበር፤ መናገር እንኳ አያስፈልገውም። እሱ ግን የሚያየው ክንፈሚካኤልን አልነበረም። ሰንበቴ ላይ ሲያማትቡ የነበሩትን ሰዎች ነበር።

“እኔ የቀኛዝማች ልጅ ልጅ ነኝ” አለ። “ቀጥቃጭ ዋስ ሆኖልኝ እንጀራ አልበላም።”

“እንደ ፈቃድዎ” አለ ክንፈሚካኤል። ቦርሳውን ዘጋ። ማንኩሳ ሌላ አመልካች እንዳለ፣ ሳይመሽ እሱንም ማየት እንዳለበት ነግሮን ሄደ። ሥራው ለዚያ ለማንኩሳው ሰው ተሰጠ።

ሰዉ ተበተነ። አለበል የክብሩን ያህል ከፍ ብሎ ትንሽ ቆመና ገብቶ ተቀመጠ። እታለም ምሳ አቀረበች። እጁን ሊዘረጋ ሲል አንድ ነገር ትዝ ያለው ይመስላል፤ መለሰው።

“ከዚያ ቤት የበላ እጅ ያቀረበውን አልበላም። መጀመሪያ በፀበል ታጠቢ፤ ጀሪካኑ ውስጥ ቀርቷል።”

እታለም ትሪውን አነሣች። አጥሩን ዞራ ወደ እኔ ቤት ይዛው መጣችና በርበሬው አጠገብ ቁጭ ብለን ለሁለት በላነው። ያን ቀን ሁለተኛ አላቀረበችለትም። በዓለ ሃምሳ ነበር፤ በዚያ ወራት ረቡዕም ዓርብም አይጾምም። አለበል ግን ያን ረቡዕ ብቻውን ጾሞ ዋለ። በማግሥቱ ከዚያው እጅ በላ፤ ስለ ፀበሉም አላነሣም።